ኤርንስት ሃስ

ኤርንስት ሃስ (የካቲት 23 ቀን 1913 ዓ.ም. ቪየና፣ ኦስትሪያ – መስከረም 2 ቀን 1979 ዓ.ም. ኒው ዮርክ፣ አሜሪካ) የኦስትሪያ ተወላጅ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። ባለቀለም ፎቶግራፍ ለማስታወቂያና ለቤተሰብ አልበም ብቻ የሚሆን ተደርጎ በሚቆጠርበት ዘመን፣ ቀለምን ራሱን የፎቶግራፉ ዋና ጉዳይ በማድረጉ ይታወቃል። «ላይፍ» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በ1953 ያወጣለት 24 ገጽ ባለቀለም ሥራ፣ የኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ1962 ያዘጋጀለት ዐውደ ርዕይ እና በ1971 የታተመው «ዘ ክሪኤሽን» (ፍጥረት) የተሰኘው መጽሐፉ ከሥራዎቹ ሁሉ በላይ ስማቸው የሚነሣ ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ያልተጨመረበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ልጅነትና የጦርነት ዓመታት

ሃስ የተወለደው በ1921 በቪየና ከተማ ነው። አባቱ ከፍተኛ የመንግሥት ባለሥልጣን ነበሩ። ወላጆቹ ለትምህርትና ለኪነ ጥበብ ትልቅ ዋጋ ይሰጡ ስለነበር ልጃቸው በሙዚቃ፣ በሥዕልና በመጻሕፍት መካከል አደገ። አባቱ ፎቶግራፍ የማንሣት ፍቅር ነበራቸው፤ ልጃቸውም ይህን ሙያ እንዲወድድ ብዙ ጥረዋል። ልጁ ግን ፍላጎት አላሳየም። የልጅነት ምኞቱ በአንድ በኩል ሠዓሊ፣ በሌላ በኩል አዳዲስ አገሮችን የሚያስስ ተጓዥ መሆን ነበር። በኋላ ዘመን ወደ ፎቶግራፍ የገባው እነዚህን ሁለት ምኞቶች የሚያስታርቅ ሙያ ሆኖ ስላገኘው እንደሆነ ይናገር ነበር።

በ1938 ናዚ ጀርመን ኦስትሪያን ስትጠቀልል የሃስ ትምህርት ተቃወሰ። በ1940 አባቱ ሞቱ። ሃስ ወደ አባቱ የፎቶ ማጠቢያ ጨለማ ክፍል የገባው ያን ጊዜ ነው። የድሮ የቤተሰብ ኔጋቲቮችን እያተመ ራሱን አስተማረ፤ በአባቱ ሕይወት ሳሉ እምቢ ያለውን ሙያ ከሞቱ በኋላ ከተዉት ዕቃ ላይ ተማረው። በዚያው ጊዜ የሕክምና ትምህርት ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን በዘር ሐረጉ አይሁዳዊነት ስለነበረበት በናዚ ሕግ ምክንያት ከአንድ ዓመት በላይ እንዲቀጥል አልተፈቀደለትም።

ጦርነቱ ሲያበቃ ቪየና በከፊል ፍርስራሽ ሆና፣ አራት ድል አድራጊ መንግሥታት የተከፋፈሏት ከተማ ነበረች። ገንዘብ ዋጋ ስላጣ ሰው የሚገበያየው ዕቃ በዕቃ ነበር። ሃስ በ1946 በ25 ዓመቱ የመጀመሪያ ካሜራውን ያገኘው በዚህ መንገድ ነው፤ ወደ 10 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ማርጋሪን (የዳቦ ቅባት) በጥቁር ገበያ ሰጥቶ ሮሌይፍሌክስ ካሜራ ወሰደ። በረሃብ ጊዜ ምግብን በካሜራ መለወጥ ቀላል ውሳኔ አልነበረም።

የምርኮ ተመላሾቹ ፎቶግራፎች

ሃስ በ1947 የመጀመሪያ ዐውደ ርዕዩን በቪየና በአሜሪካ ቀይ መስቀል ጽሕፈት ቤት አሳየ። እዚያው ለወታደሮች ፎቶግራፍ ያስተምር ነበር። ከዚያም ሥራዎቹን ይዞ ወደ ዙሪክ ሄደ፤ በዚያ የስዊሱን ፎቶ አንሺ የቨርነር ቢሾፍን ሥራዎች ተመለከተ። አንድ ፎቶግራፍ ዜና ከመሆን አልፎ እንደ ግጥም ብዙ ሊናገር እንደሚችል የተረዳው ከቢሾፍ እንደሆነ ይነገራል። ወደ ቪየና ተመልሶ «ሆይተ» ለተባለው የጀርመንኛ መጽሔት ከጋዜጠኛዋ ኢንገ ሞራት ጋር መሥራት ጀመረ። ሞራት በኋላ ራሷም ስመ ጥር ፎቶ አንሺ ሆናለች።

ስሙን ያስጠራው ሥራ የመጣው ሳይታሰብ ነው። ለፋሽን ፎቶግራፍ የሚሆን ቦታ ሲፈልግ፣ የኦስትሪያ የጦር ምርኮኞች ከሶቭየት ኅብረት ተመልሰው ሲገቡ ተመለከተ። በባቡር ጣቢያው እናቶች፣ ሚስቶችና ልጆች የጠፋባቸውን ሰው ፎቶግራፍ ከፍ አድርገው ይዘው ከሚያልፈው ሰው ሁሉ ፊት ይደቅኑ ነበር። ከእነዚህ ፎቶግራፎች በጣም የታወቀው አንዲት ሴት የልጇን ምስል ወደ አንድ ተመላሽ ወታደር ዘርግታ ስትለምን፣ ወታደሩ ግን በራሱ ደስታ ተውጦ ሳያያት ሲያልፍ የሚያሳየው ነው። ሥራው በ1949 በ«ሆይተ» ከዚያም በ«ላይፍ» መጽሔት ታተመ።

እነዚህ ፎቶግራፎች ሁሉ ጥቁርና ነጭ ናቸው። ይህን ልብ ማለት ይጠቅማል፤ ሃስ ወደ ቀለም የሄደው ጥቁርና ነጩን ስላልቻለበት አልነበረም።

ማግነም እና ወደ አሜሪካ ጉዞ

ፎቶግራፎቹ ሲታተሙ ሁለት ግብዣ ደረሰው። «ላይፍ» መጽሔት ቋሚ ደመወዝተኛ ሊያደርገው ፈለገ። በሌላ በኩል ታዋቂው የጦር ሜዳ ፎቶ አንሺ ሮበርት ካፓ ወደ ማግነም ጠራው። ማግነም በ1947 በካፓ፣ በኦንሪ ካርቲየ-ብሬሶን፣ በጆርጅ ሮጀር እና በዴቪድ ሲሞር የተመሠረተ፣ ፎቶ አንሺዎቹ ራሳቸው የባለቤትነት መብታቸውን ይዘው የሚሠሩበት የኅብረት ድርጅት ነው። ሃስ ሌላ ሰው በሚሰጠው ትእዛዝ ሳይሆን በራሱ ምርጫ መሥራትን ስለመረጠ፣ የመጽሔቱን ደመወዝ ትቶ በ1949 ማግነምን ተቀላቀለ።

በ1951 ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በ1952 በሰው መኪና እየተሳፈረ እስከ ኒው ሜክሲኮ ግዛት ዘልቆ የነጩን አሸዋ በረሃ ፎቶግራፍ አነሣ፤ «ላይፍ» ሥራውን በስድስት ገጽ አወጣለት።

ቀለም በፎቶግራፍ ውስጥ ከሃስ በፊት

ሃስ ያመጣው ለውጥ ምን እንደሆነ ለመረዳት ከእርሱ በፊት የነበረውን ማየት ያስፈልጋል። ባለቀለም ፎቶግራፍ የሃስ ግኝት አይደለም። ስኮትላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1861 ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃንን በመደራረብ ባለቀለም ምስል ማግኘት እንደሚቻል አሳይቷል። በ1907 የፈረንሳይ ወንድማማቾች ሉሚየሮች አውቶክሮም የተባለውን የመስታወት ፊልም ለገበያ አቀረቡ። በመስታወቱ ላይ የሚነሰነሰው ብርቱካንማ፣ አረንጓዴና ሐምራዊ ቀለም የተነከረ የድንች ስታርች ዱቄት ነበር። ይህ ፊልም ብዙ ብርሃን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሰው ሳይንቀሳቀስ ቆሞ መጠበቅ ነበረበት።

በኢትዮጵያም የዚህ ዘመን አሻራ አለ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የተፈጸመውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ዘውድ በዓል ለማየት አዲስ አበባ ከመጡት መካከል ደብሊው ሮበርት ሙር አንዱ ነበር። የእርሱ ባለቀለም ፎቶግራፎች በ«ናሽናል ጂኦግራፊክ» መጽሔት የሰኔ 1931 እትም ላይ ወጥተዋል። በእነዚህ ሥዕሎች ቀለሙ መረጃ ይሰጣል፤ ልብሰ መንግሥቱ፣ ካባውና ጥልፉ ምን ዓይነት እንደነበረ ያሳውቃል። ዋናው ጉዳይ ግን ሰውየውና ሥርዓቱ ነው፤ ቀለም ተከታይ ሆኖ ይመጣል።

ኮዳክ በ1935 ኮዳክሮም የተባለውን ፊልም ሲያወጣ ባለቀለም ፎቶግራፍ ማንሣት እጅግ ቀለለ። ሆኖም አብዛኞቹ የተከበሩ ፎቶ አንሺዎች አልተቀበሉትም። ቀለም የሳሙናና የመኪና ማስታወቂያ፣ የፋሽን ገጽና የእረፍት ጊዜ ማስታወሻ ነው ተባለ። የማግነሙ መሥራች ካርቲየ-ብሬሶን ለቀለም ፍቅር አልነበረውም፤ አሜሪካዊው ዎከር ኤቫንስም ባለቀለም ፎቶግራፍን የብልግና ያህል ንቆት ነበር። የፎቶግራፍ ጥበብ ማለት የብርሃንና የጥላ፣ የመስመርና የቅጽበት ጥበብ ነው፤ ቀለም ሲገባበት ዓይንን ያዘናጋል የሚል እምነት ሰፍኖ ነበር።

የ1953 የኒው ዮርክ ፎቶግራፎች

ሃስ ለቀለም የነበረው ስሜት ከሕይወቱ ጋር የተያያዘ ነው። የጦርነቱ ዓመታት በትዝታው ውስጥ ግራጫ ሆነው ቀርተዋል። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ዓለምን እንደገና በቀለም ማየት ለእርሱ የሰላም መምጣት ምልክት ነበር። ስለዚህ ባለቀለም ፊልም ካሜራው ውስጥ ሲያስገባ አዲስ መሣሪያ መሞከር ብቻ አልነበረም፤ ከግራጫው ዘመን መውጣት ነበር።

በሌይካ ካሜራና በኮዳክሮም ፊልም የኒው ዮርክን ጎዳናዎች መዞር ጀመረ። የከተማዋን ዝነኛ ሕንፃዎች ከማንሣት ይልቅ በመስታወት ላይ የሚታየውን ነጸብራቅ፣ የእግረኛን ጥላ፣ በእርጥብ ነገር ላይ የሚያርፍ ብርሃንን፣ የግድግዳና የምልክት ቀለምን ፈለገ። «ላይፍ» መጽሔት በመስከረም 1953 ሥራውን በሁለት ተከታታይ እትሞች በ24 ገጽ አወጣው፤ ርዕሱም የአንዲት ምትሐታዊ ከተማ ምስሎች የሚል ትርጉም ነበረው። መጽሔቱ ይህን ያህል ገጽ ለአንድ ፎቶ አንሺ ባለቀለም ሥራ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ በኋላ ሃስ በፓሪስና በቬኒስ ተመሳሳይ ሥራ ሠራ።

በዚያው ዘመን የደረሰበት ኀዘን ግን ከባድ ነበር። በግንቦት 1954 በጥቂት ቀናት ልዩነት፣ ቢሾፍ በፔሩ ተራሮች በመኪና አደጋ፣ ካፓ ደግሞ በኢንዶቻይና ጦር ሜዳ ፈንጂ ረግጦ ሞቱ። አንዱ መንገዱን ያሳየው፣ ሌላው ወደ ማግነም የጠራው ሰው ነበር። ሃስ በድርጅቱ ውስጥ ቆይቶ በአሥርቱ ዓመታት መጨረሻ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመርጧል።

ቀለም ዋና ጉዳይ የሚሆንበት መንገድ

በአንድ ፎቶግራፍ ውስጥ ቀለም መኖሩና ቀለም ዋና ጉዳይ መሆኑ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልዩነቱን ለማወቅ ቀላል መመዘኛ አለ፤ ፎቶግራፉ ወደ ጥቁርና ነጭ ቢለወጥ ምን ይቀራል ብሎ መጠየቅ ነው። የሚናገረው ነገር ከቀረ ቀለሙ ተጨማሪ ነበር። ምንም ካልቀረ ግን ፎቶግራፉ ስለ ቀለም ነበር ማለት ነው። የቪየናዋ እናት ፎቶግራፍ ቀለም አያስፈልገውም። ከኒው ዮርኩ ሥራ ግን ብዙዎቹ ቀለማቸው ቢወሰድ ትርጉም የሌለው ግራጫ ሆነው ይቀራሉ።

ነገሩን በቅርብ ምሳሌ ለማየት በስምጥ ሸለቆ የምትገኘውን የባቱን (የቀድሞዋን ዝዋይ) የሐይቅ ዳር ማሰብ ይቻላል። ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ሲያስጠጉ ፔሊካኖችና አባ ኮዳዎች የዓሣ ትርፍራፊ ለመልቀም ይሰበሰባሉ። ሰው ሁሉ የሚያነሣው ፎቶ አጥማጁን፣ ጀልባውን፣ ወፎቹንና ሐይቁን አንድ ላይ የያዘ ነው። ያ ፎቶ በጥቁርና ነጭም ታሪኩን ይናገራል። አሁን ግን ጀልባዋ ሰማያዊ ተቀብታ ቀለሟ በፀሐይ የተላላጠ ነው እንበል። ፎቶ አንሺው ሁለት እርምጃ ቀርቦ ሰውየውንና ወፎቹን ከምስሉ ቢያስወጣ፣ የጀልባዋን ጎንና በድፍርሱ ውኃ ላይ የሚንቀጠቀጠውን ሰማያዊ ነጸብራቅ ብቻ ቢያስቀር፣ የፎቶው ጉዳይ ተለወጠ። ከእንግዲህ ስለ ዓሣ ማጥመድ አይደለም፤ ሰማያዊው በቡናማው ውኃ ውስጥ ስለሚሆነው ነገር ነው።

ከሃስ ሥራዎች ሦስት ዋና ዋና ዘዴዎችን መለየት ይቻላል።

የመጀመሪያው መቀነስ ነው። በአንድ ምስል ውስጥ አሥር ቀለም ካለ አንዱም አይሰማም፤ ሁሉም ይጯጯሃሉ። ሃስ ብዙ ጊዜ አንድ ቀለም ሰፊውን ቦታ እንዲይዝ፣ ሌላ አንድ ቀለም ደግሞ በትንሽ ቦታ እንዲመልስለት ያደርግ ነበር። ለዚህም ወደ ጉዳዩ ይቀርባል፣ ወይም ከሩቅ ቆርጦ የሚያወጣ ሌንስ ይጠቀማል፣ ሰማዩንና መሬቱንም ከምስሉ ያስወጣል።

ሁለተኛው ብርሃንን መምረጥ ነው። ቀለም የዕቃው ብቻ ሳይሆን የብርሃኑም ነው። በቀትር ከአናት የሚወርደው ፀሐይ የዕቃዎችን ቀለም ያገረጣል፤ ጠዋትና ማታ ከጎን የሚመጣው ብርሃን ግን ያደምቀዋል፤ ከዝናብ በኋላም ርጥበቱ ቀለሙን ያጠነክረዋል። የባቱ ከተማ ከሐይቁ በስተ ምዕራብ ስላለች፣ ከከተማዋ ዳርቻ ወደ ሐይቁ ለሚያይ ሰው ጠዋት ፀሐይ ከውኃው ማዶ ትወጣበታለች፤ ጀልባዎቹም ጥቁር ጥላ ሆነው ይታያሉ። ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይዋ ከጀርባው ሆና ያንኑ ጀልባ በሙሉ ቀለሙ ታሳየዋለች። ያው ቦታ፣ ያው ጀልባ ነው፤ የፎቶግራፉ ጉዳይ ግን በሰዓቱ ይወሰናል።

ሦስተኛው ስም መርሳት ነው። ሰው አንድን ነገር ባየ ጊዜ ወዲያው ስም ይሰጠዋል፤ በር፣ ግድግዳ፣ ማስታወቂያ ይላል፤ ስም ከሰጠ በኋላም ቀለሙን ማየት ያቆማል። ሃስ ለተማሪዎቹ ከሁሉ አብልጦ ያስተምር የነበረው ከዕቃው ስም አልፎ ማየትን ነው። የተቀደዱ የግድግዳ ማስታወቂያዎችን ያነሣቸው ፎቶግራፎች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በላያቸው የተጻፈው ተቦጫጭቆ ትርጉሙን ስላጣ ተመልካቹ የሚያነበው ነገር የለም፤ የሚቀርለት ቀለሙና ቅርጹ ብቻ ነው።

ድክመትን ወደ ዘዴ መለወጥ፦ የእንቅስቃሴ ፎቶግራፎች

በሃስ ዘመን የነበረው ኮዳክሮም ለብርሃን ያለው ስሜት ወደ 10 ገደማ ነበር። ዛሬ ካሜራዎችና ስልኮች በጥሩ ብርሃን ብዙ ጊዜ ከሚሠሩበት የ100 መጠን ጋር ሲነጻጸር፣ አሥር እጥፍ ያህል ብርሃን ይፈልግ ነበር ማለት ነው። ብርሃን ሲያንስ የካሜራው መዝጊያ ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት መሆን አለበት፤ በዚህ ጊዜ የሚንቀሳቀሰው ነገር ሁሉ ብዥ ይላል። ሌሎች ይህን እንደ ጉድለት ሲያዩት ሃስ ሆን ብሎ ተጠቀመበት።

በ1956 በስፔን የኮርማ ፍልሚያን ሲያነሣ መዝጊያውን በዝግታ እንዲሠራ አደረገ። በተገኙት ፎቶግራፎች ኮርማው ጥቁር ማዕበል፣ የተፋላሚው ጨርቅ ቀይ ጎርፍ ይመስላል። የሰዎቹ ፊት አይለይም፤ የሚታየው ቀለም ራሱ ሲንቀሳቀስ ነው። «ላይፍ» ይህን ሥራ በ1957 አወጣ፤ በ1958 ደግሞ በስፖርትና በሩጫ ላይ የሠራውን ተመሳሳይ ሥራ አተመ።

አሠራሩ በቀላል ምሳሌ እንዲህ ይገለጻል። በባቱ ጎዳና የፈረስ ጋሪ ሲያልፍ መዝጊያው ለሴኮንድ አንድ ስምንተኛ ያህል ክፍት ቢሆንና ካሜራው ከጋሪው ፍጥነት ጋር እኩል ቢዞር፣ ጋሪው በመጠኑ ይለያል፤ ከበስተኋላ ያሉት ሱቆች ግን ወደ አግድም የቀለም መስመር ይለወጣሉ። ካሜራው ሳይንቀሳቀስ ቢቀር ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ሱቆቹ ጥርት ብለው ጋሪው ይፈስሳል። የትኛው ቀለም እንዲፈስስ፣ የትኛው እንዲቆም መወሰን የፎቶ አንሺው ሥራ ነው። በኮርማው ፎቶግራፎች ሃስ የመረጠው ሁሉም እንዲፈስስ ነበር።

የ1962 ዐውደ ርዕይ

በ1962 የኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የሃስን የአሥር ዓመት ባለቀለም ሥራዎች ለሕዝብ አቀረበ። ሐሳቡ የሙዚየሙ የፎቶግራፍ ክፍል ኃላፊ የነበረው የኤድዋርድ ስታይከን ነበር። ስታይከን በ1955 «ዘ ፋሚሊ ኦፍ ማን» (የሰው ልጅ ቤተሰብ) በተሰኘው ታላቅ ዐውደ ርዕይ ውስጥም የሃስን ሥራ አካትቷል። በነሐሴ ዐውደ ርዕዩ ሲከፈት ግን ስታይከን ጡረታ ወጥቶ ቦታውን ጆን ዛርኮውስኪ ተረክቦ ነበር። ወደ 80 የሚጠጉ ፎቶግራፎች ታዩ። በዚያው ዓመት ሃስ ለአሜሪካ የትምህርት ቴሌቪዥን ስለ ማየት ጥበብ አራት ክፍል ያለው ፕሮግራም አቀረበ።

ሃስ ፎቶግራፎቹን ለማተም ይመርጠው የነበረው ዳይ ትራንስፈር የሚባለውን ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ ከአንድ ባለቀለም ፊልም ሦስት ማተሚያዎች ይዘጋጃሉ፤ አንዱ ውኃ ሰማያዊ፣ አንዱ ደማቅ ሮዝ፣ አንዱ ቢጫ ቀለም ይነከርና በተራ በአንድ ወረቀት ላይ በትክክል ተገጣጥመው ይታተማሉ። ሥራው አድካሚና ውድ ነው፤ ነገር ግን አታሚው እያንዳንዱን ቀለም ለብቻው ማጠንከርም ማለዘብም ይችላል። ቀለም ዋና ጉዳዩ ለሆነ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

«ዘ ክሪኤሽን» እና የኋለኞቹ ሥራዎች

ሃስ በፊልም ሥራ ላይም ተሳትፏል። የአሜሪካው የፊልም አዘጋጅ ጆን ሂውስተን በ1966 ለታየው የመጽሐፍ ቅዱስ ፊልሙ የፍጥረትን ክፍል እንዲቀርጽ ሃስን መረጠው። ብርሃን፣ ውኃ፣ እሳተ ገሞራ፣ ድንጋይና እንስሳት ሰው ከመፈጠሩ በፊት እንደነበሩ ሆነው መታየት ነበረባቸው። ይህ ሥራ ለሃስ የራሱን መጽሐፍ ሐሳብ አበሰለለት። በ1971 የወጣው «ዘ ክሪኤሽን» ከ300 ሺህ ቅጂ በላይ ተሸጠ፤ ለፎቶግራፍ መጽሐፍ ይህ እጅግ ብርቅ ቁጥር ነው። ከዚያ በኋላ ስለ አሜሪካ (1975)፣ ስለ ጀርመን (1976) እና ስለ ሂማሊያ ጉዞው (1978) መጻሕፍት አሳትሟል።

ከዚህ ጎን ለጎን ለኑሮው የማስታወቂያ ሥራ ይሠራ ነበር፤ የማርልቦሮ ሲጋራን የፈረሰኛ ማስታወቂያዎች ካነሡት አንዱ እርሱ ነው። በዕረፍቱ ጊዜ ለራሱ የሚያነሣቸው ባለቀለም ፎቶግራፎች ግን ከታተሙት የጠበቁና የተወሳሰቡ ነበሩ። አብዛኞቹ በሕይወቱ ሳለ ለሕዝብ አልታዩም።

በታሪክ ውስጥ ያለው ቦታ

በ1976 ያው ሙዚየም የሜምፊሱን ፎቶ አንሺ የዊሊያም ኤግልስተንን ባለቀለም ሥራዎች አሳየ። ኤግልስተን ያነሣው ተራ ነገር ነበር፤ የሕፃን ብስክሌት፣ የመታጠቢያ ቤት፣ የምድጃ ውስጥ። ዐውደ ርዕዩ በመጀመሪያ ተነቀፈ፤ ቆይቶ ግን ባለቀለም ፎቶግራፍ እንደ ሥነ ጥበብ የተቆጠረበት ቀን ተደርጎ በመጻሕፍት ተጻፈ። በዚህ አጻጻፍ ከ14 ዓመት በፊት በዚያው ሙዚየም የታየው ሃስ ብዙ ጊዜ ተዘለለ። ከእርሱም በፊት በ1943 ኤሊየት ፖርተር ባለቀለም የወፎች ፎቶግራፎችን በሙዚየሙ አሳይቶ ነበር።

ሃስ የተዘለለበት ምክንያት በአብዛኛው የሥራው ውበት ነው። የኤግልስተንን ዐውደ ርዕይ ያዘጋጀው ዛርኮውስኪ፣ ከዚያ ቀደም የነበሩት ባለቀለም ፎቶግራፎች አንድም ቅርጽ የላቸውም፣ አንድም ለማማር ብቻ የተሠሩ ናቸው የሚል ሐሳብ ጽፏል። ሃስ ደግሞ በመጽሔትና በማስታወቂያ ዓለም ስለሠራ፣ መጽሐፉም በብዙ መቶ ሺህ ስለተሸጠ፣ ሥራው ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ተቆጠረ። አንድ ነገር ብዙ ሰው ስለወደደው ቀላል ነው ማለት ግን አይቻልም። ሃስ ቀለምን ለማስዋብ ብቻ ተጠቅሞ ቢሆን ኖሮ የተቀደደ ማስታወቂያና ብዥ ያለ ኮርማ ባላነሣ ነበር።

ክርክሩ እንደገና የተከፈተው ከሞተ በኋላ ነው። በ2006 በኒው ዮርክ ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቀለም ይሠራ የነበረው የሶል ላይተር የቀድሞ ፎቶግራፎች በመጽሐፍ ሲወጡ፣ የባለቀለም ፎቶግራፍ ታሪክ ከ1976 ብዙ ቀደም ብሎ እንደሚጀምር ግልጽ ሆነ። በ2011 ደግሞ ዊሊያም ዩዊንግ ያዘጋጀው «ከለር ኮሬክሽን» (የቀለም እርማት) የተባለ መጽሐፍ የሃስን ያልታዩ ፎቶግራፎች አቀረበ። የመጽሐፉ ስም ሁለት ትርጉም አለው፤ በማተሚያ ቤት ቀለም ማረም ማለት ነው፤ በታሪክ ደግሞ ስለ ቀለም የተጻፈውን ማረም ማለት ነው።

የመጨረሻ ዓመታት

በመጨረሻ ዓመታቱ ሃስ በአሜሪካ በልዩ ልዩ ቦታዎች በሚካሄዱ አጫጭር ሥልጠናዎች ብዙ ወጣቶችን አስተማረ። ፎቶግራፎቹን ከሙዚቃ ጋር አዋሕዶ በስክሪን ላይ እየተለዋወጡ እንዲታዩ ያደርግ ነበር፤ ቀለም እንደ ድምፅ ዜማ እንዳለው ያምን ስለነበር ይህ አቀራረብ ይስማማው ነበር። በ1986 ከፎቶግራፍ ዓለም ታላላቅ ሽልማቶች አንዱ የሆነውን የሃሰልብላድ ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት መስከረም 12 ቀን በ65 ዓመቱ በኒው ዮርክ በስትሮክ ሕመም ሞተ። ሁለት ልጆች ነበሩት።

ሃስ ከማርጋሪን ልዋጭ ባገኘው ካሜራ ጀምሮ አርባ ዓመት ሠራ። ዛሬ በየኪሱ ያለው ስልክ ሁሉ በቀለም ያነሣል፤ ስለዚህ ፎቶግራፍ ባለቀለም መሆኑ እንደ ምርጫ አይታሰብም፤ ጥቁርና ነጭ ማድረግ ነው ምርጫ የሆነው። ሃስ የተወው ጥያቄ ግን በዚህ አልተመለሰም። ካሜራው ቀለሙን በራሱ ይመዘግባል፤ ቀለሙን የፎቶው ጉዳይ የሚያደርገው የሚያየው ሰው ነው።